ጋሽ ታይስቶና የመሸሻው መንገድ

ጥድ በበቀለበት የሐይቅ ዳር መንደር ሁሉ፣ ዛፍ ዝም ብሎ እንዲወድቅ የማይፈቅድ አንድ ሰው አይጠፋም። የሞተር መጋዝ ድምፅ ከማንም ጓሮ ሲሰማ ምሳውን ጥሎ ይነሳል፤ ሳይጠሩት መጥቶ አጥሩ ጋ ይቆማል። በእኛ መንደር ይህ ሹመት የክቡር ጋሽ ታይስቶ ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸው ግን አልተገኘም።

ጋሽ ታይስቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ሲጥሉ ኖረው ጣቶቻቸው አንድም ሳይጎድል ሁሉም ቦታቸው ላይ አሉ። በእኛ አገር ይህ እንደ ኒሻን ነው። ሲጨብጡህም ቁጠርልኝ የሚሉ ይመስል እጅህን ቶሎ አይለቁትም።

ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «መሸሻህ የት ነው?» ዛፉ ወደ ፊት ሲወድቅ አንተ ወደ ኋላ በሰያፍ የምትሄድበት መንገድ አስቀድሞ መጠረግ አለበት፤ ያውም በግራም በቀኝም። ካልጠረግህ መጋዙን አያስነሱህም።

አምና ለገና ክንድ የማያህል ጥድ ሊቆርጡ ወጡ። መጋዝ የማይበጥሰውን ወፍራም ሱሪ፣ ሄልሜቱን፣ የጆሮ መከለያውን፣ የፊት ወንፊቱን አድርገው በረዶውን ግራና ቀኝ በአካፋ ይጠርጉ ጀመር። ባለቤታቸው እትዬ ኢምፒ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ታይስቶ፣ እሱን እኮ እኔ በዳቦ ቢላዋ እቆርጠው ነበር» አሏቸው።

«ቢላዋውን ይዘሽስ በየት ልትሸሺ ነው?» አሉ፤ መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

በበጋው ደቦ ደግሞ የመዋኛውን ዳርቻ ልናጸዳ ወጥተን ነበር። ራይሞ የሚባል፣ ሐይቁ ዳር የበጋ ጎጆ ያለው የሄልሲንኪ ሰው፣ አዲስ መጋዝ ይዞ በቁምጣ መጣ።

«መሸሻህ የት ነው?» አሉት ጋሽ ታይስቶ።

«ለምንድን ነው የምሸሸው? ቆራጩ እኔ ነኝ።»

«ዛፉ ግን ይህን አልሰማም።»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ዛፉን ዞሩት፤ ላዩ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ እንደሆነ አንጋጠው ፈተሹ፤ ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ። ዛፉን ሁለት እጥፍ በሚያህል ርቀት ውስጥ ሰው አይቆምም አሉ። ቋሊማ የምንጠብስበት እሳት ደግሞ እዚያው ውስጥ ነበር። ፍሙን በአካፋ ተሸክመን ተሰደድን። ራይሞም የጋሽ ታይስቶን ትርፍ ሱሪ ታጥቆ፣ ሱሪው ብብቱ ድረስ መጥቶለት፣ አንዲት ቀጭን ጥድ ጣለ። ለደቦው የተሠራው የአተር ሾርባ እስከዚያ በረዶ ሆኖ ነበር።

ዘንድሮ በመጸው ነፋስ መታንና በማግስቱ ጋሽ ታይስቶ ቤቴ መጡ። መጋዝ አላስነሳሁም፣ ምን ፈልገው ነው ብዬ ደነገጥሁ። ተቀመጡ። ቡና ቀዳሁላቸው።

«ነፋሱ በርትቶ ነበር» አሉ።

«በርትቶ ነበር።»

«የእኛ ጥድ ዘመም ብሏል» አሉ ቀጥለው።

«ወዴት?»

«ወደ ሳውናው።»

ሳውናውን፣ ምድጃ አንድደን በእንፋሎት የምንታጠብበትን የእንጨት ቤት፣ አባታቸው በመጥረቢያ ጠርበው የሠሩት ነው። ጋሽ ታይስቶ የተወለዱት እዚያ ውስጥ ነው፤ እናታቸው ሲሞቱም አስከሬናቸው የታጠበው እዚያው ነው። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘውት ሳለ እንኳ ቡናው ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። የእኛ ሰው እርዳኝ ከማለት ቆቡን ቢበላ ይመርጣልና እኔው፣ «ቅዳሜ ሥራ የለኝም» አልኋቸው። «እንግዲህ» አሉና ተነስተው ሄዱ።

ቅዳሜ ጓሯቸው ሄጄ ገመድ ከጥዱ ላይ ከፍ አድርጌ አሰርሁ፤ ሳውናው ካለበት በተቃራኒ፣ ራቅ ካለ ዛፍ ጋር በእጅ በሚዘወር መጎተቻ ወጠርሁት። ጓሮው ጥርግ ብሏል፤ እትዬ ኢምፒ ለክረምቱ ያጸዱት መሰለኝ። ጋሽ ታይስቶ ሄልሜታቸውን አድርገው፣ ሌላውን ሰው በሚያቆሙበት ርቀት ቆመዋል። ጥያቄውን ጠበቅሁ። የለም። መጋዙን አስነሳሁና መልሼ አጠፋሁት። እንደዚያ የጨነቀኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ተመልሼ ወደ እሳቸው ሄድሁ።

«ጋሼ፣ የሚሉኝ የለም?»

«ምን እላለሁ፤ ሥራው ያንተ ነው።»

«መሸሻህ የት ነው አላሉኝም።»

የመለሱልኝ አጠገባቸው የቆሙት እትዬ ኢምፒ ናቸው፦ «ምን ብሎ ይጠይቅሃል፣ ልጄ ያርኮ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ሲድህ የዋለው ለዚያው አይደል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ከጥዱ ኋላ ግራና ቀኝ ሁለት መንገድ ወጥቷል፤ ድንጋዩ ተለቅሟል፣ የወጣው ሥር ተቆርጧል፣ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ያሳልፋል። ኩባያ መያዝ ባቃታቸው በእነዚያ እጆች።

«ሳውናው ላይ ብጥለውስ?» አልሁ።

«ሳውና ይሠራል» አሉ ጋሽ ታይስቶ። «አንተ ብቻ በዚያ በኩል ውጣ።»

በመውደቂያው በኩል ግንዱን እንደ አፍ ቆርጬ ከፈትሁ፤ ከኋላ በመጋዝ ገባሁና ዛፉ እንደ በር የሚዞርበትን ማጠፊያ፣ መሃል ላይ የሚቀረውን እንጨት፣ ሳልነካ ሽብልቁን መታሁ። ጫፉ ሲነቃነቅ መጋዙን አጥፍቼ በጠረጉልኝ መንገድ ወጣሁ። ጥዱ መሬቱን አናግቶ በገመዱ አቅጣጫ ተኛ። ከሳውናው ጣሪያ አንድ ሰበዝ አልተነካም።

ጋሽ ታይስቶ መጥተው ጉቶው ላይ አጎነበሱ፤ ማጠፊያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«በግራ በኩል ቀጥኗል» አሉ።

ተቆጥተውኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ይወዳቸዋል፤ መጋዝ ሲያስነሳ ብቻ ይደበቃቸዋል እንጂ።

ያን ዕለት የሳውናው ምድጃ ለእኔ ነደደ። ገብቼ ከጎናቸው ልቀመጥ ስል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝና፣ «አንተ መውጫው በር ጋ ሁን» አሉኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።