በረዶውን ያወረደው መዶሻ

ይህን በማውራቴ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ አስቀድሜ ከእግራችሁ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። የአገር ገብስ ሲረግፍ እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር የበግ ጥብስ ስበላ ነበር። መብላቱስ ባልከፋ፤ ጣፈጠኝ።

ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ነው። በኛ በመንዝ በዓልን ሽሮ ሥራ መሥራት በረዶ ያወርዳል። አንዱ ቢሠራ በረዶው የሁሉንም ማሳ ይመታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሁሉንም ይጠብቃል። የጎረቤቴ የአያ ደምሴ ገብስ ደርሶ ማጭድ ይጣራል። እሳቸው ግን "ነገ ይታጨዳል፣ ዛሬ የመልአኩ ነው" ብለው ተዉት። የዓመት ቀለባቸው እሱው ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያማ በረዶው ቆርቆሯችንን ይደበድበው ጀመር። ባለቤቴ አስካለ ጥብሱን እየተንጨሰጨሰ አቀረበች። ውጭው ሲከፋ ቤት እንዴት እንደሚጥም ታውቁ የለ? ይህስ ወይን ይፈልጋል አልሁና ወንድሟ ከአዲስ አበባ ያመጣልንን ጠርሙስ አወጣሁ። ቡሽ መንቀያ ደግሞ በኛ በዘመሮ ማን አለው? ቡሹ ላይ ሚስማር በመዶሻ መታሁና በጉጠት ጎትቼ ነቀልሁት። "ለመልአኩ!" ብዬ ጨለጥሁ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

አያ ደምሴ ለካ ከግድግዳችን ጥግ ተጠልለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ማሳቸውን ያያሉ። ቢያንኳኩስ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል?

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰብን። በዓሉን ማን ሻረ? ያረሰ የለም። የፈጨ የለም። እንጨት የፈለጠ የለም። ሁሉም ማለ። አያ ደምሴ ቀና ብለው ወደ ሰማይ አዩና፣ እንደ ደነገጠ ሰው ቶሎ አቀረቀሩ።

"እኔ መዶሻ ሰምቻለሁ" አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቡሹን የነቀልሁት በረዶው ከጀመረ በኋላ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ አያ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ።

"በል እንጂ መምህር! አንተ ካልሆንህ ማን ሊሆን ነው?"

እኔም ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። "እኔ ነኝ፤ የወይን ጠርሙስ ልከፍት ነው የመታሁት" አልሁ።

"ደግሞ ለወይን!" አለ አንዱ ከኋላ። "እንደ ሰው ጠላ ቢጠጣ መዶሻ ምን ያደርግለት ነበር?"

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ቅጣቴ ከአያ ደምሴ ጋር ጭቃ ውስጥ የወደቀውን ዛላ መልቀም ሆነ። ጎንበስ ብለን ስንለቅም ዋልን፤ ያገኘነው ለዶሮ አይበቃም። እሳቸው "አይዞህ ልጄ፣ መልአኩ ይቅር ባይ ነው" እያሉ ያጽናኑኛል። እኔን! ዓመቱን በምን እንደሚዘልቁት አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

እንግዲህ ከበረዶውና ከመዶሻው የትኛው እንደቀደመ ነግሬአችኋለሁና፣ አደራ፣ ከእናንተ አይለፍ። ገብስ የሌለው ሰው ጥፋተኛ እንኳ ይኑረው እንጂ!