ወይዘሮ አይገጥምም

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ አክስቴ ድስት ፍለጋቸውን ሳይጨርሱ አረፉ። ለቅዳሜ ቀጠሮ ነበረን። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ አዲስ የቤት ዕቃ መደብር መከፈቱን ሰምተው፣ "እሱንም አይተነው ይውጣልን" ብለውኝ ነበር። መደብሩ እስካሁን ክፍት ነው። በመስኮቱ በኩል ሳይ በመደርደሪያው ላይ ማንም ያላንኳኳቸው ድስቶች ተደርድረዋል።

እንደ አክስቴ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። አንድ ዕቃ ይዞ ያረጃል፤ ዕቃው የጠፋበት ቀን ዓለም በሙሉ ሊተካለት ቢሰለፍ አይመለስም። አንዱ ቤት ጃንጥላ ነው፣ ሌላው ቤት ወንበር፣ ሌላው ቤት የጢም መላጫ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ "የዛሬ ዕቃ" ተብሎ ይጠራል፤ "የዛሬ" የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ስድብ ናት። የፋብሪካ ባለቤቶች እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም። ቢያውቋቸው ኖሮ ማሽኑን አጥፍተው፣ ሠራተኛውን አሰናብተው፣ በጊዜ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ክብርት አክስቴ የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር ነበሩ። የእሳቸው ዕቃ ድስት ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሆዱ የሰፋ ብረት ድስት። አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በወፍራም ሽቦ ተተክቷል። "ባዶውን ለማንሳት ሁለት እጅ፣ ሙሉውን ለማንሳት ባል ያስፈልጋል" ይሉ ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ልጃቸውን ይጠራሉ። እሁድ እሁድ ዘመድ ሁሉ ምሳውን የሚበላው ከዚያ ድስት ነበር። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነውና መቼና የት እንደተገዛ ለማጣራት ሞክሬያለሁ። "እኔ ሳገባ ነበረ" ከሚለው የአክስቴ ቃል በቀር ምንም ማስረጃ አላገኘሁም።

አጠፋፉን ግን በደንብ አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ። አክስቴ ታመው ሆስፒታል በሰነበቱበት ጊዜ ምራታቸው ቤቱን አሳምራ ልትቆያቸው ፈለገች። ግድግዳውን አጠበች፣ መጋረጃውን ለወጠች። "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት፣ አሮጌ ብረትና ጫማ ወስደው በምትኩ አዲስ ፕላስቲክ የሚሰጡት ነጋዴዎች በደጅ ሲያልፉ ጠርታ ያንን ድስት አስረከበቻቸው። ክዳኑ የውሃ ባልዲ ላይ ተደፍቶ ስለነበር ተረፈ። በምትኩ ሮዝ አበባ የተሳለበት ሰማያዊ ሳፋ ተቀበለች።

"እማማ፣ ከዚያ ጥላሸት ገላገልኩዎት!" አለች፣ አክስቴ ከሆስፒታል በተመለሱ ዕለት፣ ሳፋውን ከፍ አድርጋ እያሳየች።

አክስቴ አልጮኹም። ሳፋውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

"ሳፋው ያምራል" አሉ።

ምራታቸው ይህን ቃል ይዛ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። "ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቅርታ እጠይቅ ነበር" አለችኝ በስልክ እያለቀሰች። "ሰድበውኝ ቢሆን እኔም አኮርፌ፣ ታርቀን፣ ያልቅ ነበር። 'ሳፋው ያምራል' ላለ ሰው ምን ይባላል?"

የእሁዱ ምሳ በዚያው ቀረ። ልጃቸው "እማ፣ እንምጣ ወይ?" ብሎ ሲደውል "በምን ልሠራላችሁ? ድስት የለኝ" ይሉታል። ሚስቱ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ትደውላለች። "አገኛችሁ?" ትለኛለች። ድስቱ ሳይተካ እዚያ ደጃፍ ላልቆም ምያለሁ ባይ ናት። አንድ ቤተሰብ ዳግመኛ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ በአንድ ድስት ላይ ተንጠለጠለ። እኔም ቀላል መስሎኝ "ቆይ፣ ቅዳሜ ወጥተን እንገዛለን" አልኩ። ከተማው በድስት የተሞላ ነውና።

የመጀመሪያው ሱቅ ስንገባ ባለ ሱቁ ወንበር ሳበላቸው።

"ምን ልታዘዝ እማማ?"

"ድስት።"

"ሞልቷል! ትልቅ ነው ትንሽ?"

አክስቴ ከዘንቢላቸው በፎጣ የተጠቀለለውን ክዳን አወጡ። "ለዚህ የሚሆን።"

ሰውየው ክዳኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። "ሰው ድስት ይዞ ክዳን ሲፈልግ አውቃለሁ። ክዳን ይዞ ድስት የሚፈልግ ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።"

አክስቴ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኙ። "ድስት የሚያውቅ ሰውም የመጀመሪያህ ሳልሆን አልቀርም" አሉት።

ምርመራው ሥርዓት ነበረው። ዕቃውን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። "ቆርቆሮ ነው፤ ራሱ እየተናገረ ነው" ይላሉ። ከዚያ በአንድ እጅ ያነሱታል። በአንድ እጅ ከተነሳ አበቃለት። በሁለት እጅ የተነሳ ዕድለኛ ወደ መጨረሻው ፈተና ያልፍና ክዳኑ ይደፋበታል። ሲጠብ "አይገጥምም"፤ ሲሰፋም "አይገጥምም"፤ ለጥቂት ሲቀር ደግሞ በጣም አዝነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አይገጥምም፣ የኔ ልጅ።"

"ይሄኛውን ይዩልኝ፣ ወጡ ቢያርም አይዝም" አለ አንዱ ሻጭ ውስጡ የሚያብለጨልጭ መጥበሻ መሳይ ድስት እያቀረበ። "ምንም ነገር አይዝም!"

"ካልያዘ ምኑን ድስት ሆነ? የማይዝማ ቤቴ ሞልቷል፤ የሚይዝ ነው የቸገረኝ።"

ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ በበኩሉ ሊያስታርቅ ፈልጎ ክዳኑ መስታወት የሆነ ድስት ይዞላቸው መጣ። ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት እንደሚቻል አስረዳቸው። አክስቴ ዙሪያውን አዩት። "ወንድምዓለም፣ የጓዳዬን ገበና መንገደኛ እንዲያይልኝ ነው?" ብለው ከነካርቶኑ መለሱለት።

ወሩ ሳያልቅ በገበያው ውስጥ ስም ወጣልን። ጥግ ላይ ስንታይ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው "ወይዘሮ አይገጥምም መጡ!" የሚል ድምፅ ይተላለፋል። አንዱ ባለ ሱቅ ድስቶቹን በጨርቅ ሲሸፍን በዓይኔ አይቻለሁ። አክስቴም ስሙን ሰምተዋል፤ ሰምተውም አልተከፉ። "ወይዘሮ ማለታቸው ጥሩ ነው፤ ጨዋ ነጋዴዎች ናቸው" አሉኝ።

አዲሱ እምቢ ሲል አሮጌውን ፍለጋ ሄድን። የልዋጭ ነጋዴዎቹ ብረት የሚያስረክቡበት ግቢ ከከተማው ዳር ነው። የዛገ አልጋ፣ የተጨማደደ የመኪና በር፣ የብስክሌት አጥንት ተራራ ሠርቷል። አክስቴ ክዳኑን እንደ መታወቂያ ለጠባቂው አሳዩት።

"እናቴ፣ እዚህ የገባ ብረት በመልኩ አይወጣም" አላቸው ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ። "ቀልጦ ነው የሚወጣው። ያ ድስት ይሄኔ ፌሮ ሆኖ፣ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ፣ የሆነ ፎቅ ተሸክሟል።"

"ስንተኛውን?" አሉ አክስቴ።

"ምን?"

"ስንተኛውን ፎቅ ነው የተሸከመው?"

ከዚያ ወዲህ በሚሠራ ሕንፃ አጠገብ ስናልፍ ቀና ብለው ሳያዩ አያልፉም ነበር። አንድ ቀን እርጥቡን ምሰሶ በጣታቸው አንኳኩ። ግንበኛው ከላይ ሆኖ "እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?" ሲላቸው "ምንም፤ ሥራህን ሥራ። እንዲያው ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ብዬ ነው" አሉት።

እኔ በዚህ ጊዜ ደክሞኝ ነበር። ቅዳሜዬ በሙሉ ተበልቷል። እግሬ አብጧል። የምራታቸው "አገኛችሁ?" የሚለው ድምፅ ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ ሄዶ፣ ኋላ ላይ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት መልሱን የምታውቅ ይመስል ነበር። ስለዚህ ክዳኑን ተቀብዬ ለአንድ ብረት ሠሪ ወሰድኩለት። "ለዚህ ክዳን የሚሆን ድስት ሥራልኝ፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ በአንድ እጅ የማይነሳ" አልኩት። ሠራው። እኔ ራሴ አንኳኳሁት፤ ድምፁ ወፍራም ነው።

አክስቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንኳኩ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። በሁለት እጃቸው አነሱት። ክዳኑን ደፉበት። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይጮህ፣ ቁጭ አለ።

"ገጠመ!" አልኩ።

"ገጥሟል" አሉ። ደስ አላላቸውም። እንዲያውም ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት ነው።

አብስለው ሞከሩት። አንድ እፍኝ ምስር ሠርተው አቀመሱኝ። "ይጣፍጣል እትዬ" አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።

"ይጣፍጣል። ግን እሱ አይደለም።"

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። "እትዬ፣ እሱማ ፎቅ ተሸክሟል! ሌላ ምን ላምጣልዎት? ልጅዎ ደጃፍዎን ከረገጠ ስንት ጊዜው ነው? ያቺ ልጅ በየሳምንቱ ታለቅሳለች፤ ለአንድ ድስት ብለው?"

"ለድስት ነው ማን አለሽ?"

ተቀመጡ። ክዳኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በፎጣው ይወለውሉት ጀመር።

"በዚያኛው ስሠራ ሰው ይመጣል" አሉ ቀስ ብለው። "ገና ሳልጠራ ይመጣሉ። እኔ እኮ ጠርቼ አላውቅም፣ አንቺ ልጅ። እሁድ ድስቱን እጥዳለሁ፣ ይመጣሉ። አሁን በዚህ ጥጄ፣ ጠርቼ፣ ባይመጡስ? ድስት ጠፍቶ ከቀሩ ድስት ጠፋ ይባላል። ድስት ተገኝቶ ከቀሩ ምን ይባላል?"

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ያለውን ነገር በየቦታው ማስቀመጥ ነው፤ ሰው ባይመጣ ምን እንደሚባል አልተማርኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ አንድ ድስት በገጠመ ብዬ ስጸልይ፣ ለካ እሳቸው ባልገጠመ ሲሉ ኖረዋል። እያንዳንዱ "አይገጥምም" ሌላ አንድ ሳምንት ይሰጣቸው ነበር። እኔ መጥቼ ገጣሚውን አሠርቼ ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ቀን ድስቱ ዱቄት ተሞልቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። "ለዱቄት ምቹ ነው" አሉኝ፤ ከዚያም ስለ አዲሱ መደብር አነሱ። ቅዳሜ እንሂድ አሉ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ቢፈልጉ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ድስት ለማንኳኳት ቆርጬ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ሁሉ ድካም መሀል ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር እሳቸው ጆሯቸውን ድስት ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ማየት ነበር። አሁን ቅዳሜዬ ተመልሶልኛል። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ለቅሶው ላይ ምራታቸው መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ደጅ፣ አጥሩ ሥር፣ ባሏ የሰጣት በርጩማ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። የሰፈሩ አትክልት ሻጭ ልትጠይቀን መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ማን መሆኗን አታውቅም።

"ሰኞ ከሰዓት እኮ እኔ ጋ ነበሩ፤ ደህና ነበሩ" አለችን ዓይኗን እየጠረገች። "ሽንኩርት ገዙ፣ ቲማቲም ገዙ፣ ድንች ገዙ፤ የሠርግ ያህል! አንድ አንዱን ሽንኩርት እየጨመቁ፣ እኔን እየተጨቃጨቁ። 'እማማ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?' ብላቸው 'ለእሁድ ልጠራቸው ነው' አሉኝ። ቃሪያ ስጨምርላቸው መልሰው አወጡት። 'ምራቴ አትችልም፤ ያቃጥላታል' አሉ።"

ምራታቸው ቀና አለች።

"እኔማ ተንኮሌ አልለቀቀኝም" አለች ሻጯ፤ "የድስታቸውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል አይደል? 'እንኳን ደስ አለዎት፤ ድስቱ ተገኘ ማለት ነው?' አልኳቸው። 'አልተገኘም' አሉኝ። 'ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ሊሠሩት ነው?' ብል 'በተገኘው' አሉኝ።"

ምራታቸው ከበርጩማው ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ወጥ ቤት ስደርስባት ዱቄቱን ከአዲሱ ድስት እየገለበጠች ነበር። ለለቅሶተኛው የሚሆነውን ሁሉ እሷ አበሰለች። ሰው ሞልቶ ደጅ ድረስ ተቀመጠ።

እኔ ሻጯን ለብቻዋ አግኝቼ ደግሜ ጠይቄያታለሁ፤ በሰማሁት ብቻ መተው አልሆንልሽ ብሎኝ ነው። ያለችኝ ይህ ነው። አክስቴ ሒሳባቸውን ከፈሉ። ከረጢቱን እሷ ልትይዝላቸው ብትል እምቢ አሉ። አንድ የተጨፈለቀ ሽንኩርት ከረጢቱ አፍ ላይ ሲያዩ አውጥተው "ይሄ የዛሬ ነው" ብለው በሌላ አስቀየሩት። ከዚያ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይተው ተሻገሩ፤ በር ላይ አንዴ አረፍ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።