ባትሪው በርዶታል

ቆይ፣ ሰው ሁሉ የፀሐይ ባለሙያ የሆነው መቼ ነው? በሬህን እንዲህ ጥመድ ብትለው የሚቀየምህ ሰው፣ ጣራህ ላይ የሶላር ፓነል ካየ ግን ቆሞ ያስተምርሃል። ዞር አድርገው ይልሃል። ቀና አድርገው ይልሃል። የአጎቴ ልጅ ያስገጠመው ከዚህ ይበልጣል ይልሃል። የአጎቱን ልጅ ማን ጠየቀው? እስቲ አረፍ በሉና ልናደድ። ብቻዬን ስናደድ ሚስቴ ትስቅብኛለች።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የመንግሥቱን ሥራ ከተውኩ ወዲህ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ነው የማክመው፤ እስቴ፣ ስማዳ፣ ጋይንት። ከአሮጌ ፒካፔ ኋላ የምትጎተት አንዲት ክፍል አለችኝ። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ እግሯ ጎማ። ውስጧ አልጋ አለ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ አለ፣ ትንሽ ፍሪጅ አለ። ባለቤቴ ሙሉነሽም አብራኝ ትዞራለች። "ተጎታቹ" እያለች ስትጠራ ክፍሏን ይሁን እኔን አንዳንዴ አይለይም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በፍሪጁ ነው። ክትባት ቅዝቃዜ ካጣ ውኃ ነው። በጉን ትወጋለህ፣ ገበሬው ይመርቅሃል፣ በጉ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ማን ዓይንህን ያያል? መብራት እንደሆነ በሌለበት የለም፤ ባለበትም የለም። ከፀሐይ ሌላ ምን ቀረን?

ባሕር ዳር ወረድን። የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ሰውዬ ራሱን ኢንጂነር ይላል። ፓነሉን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ አወጣልን። ጉልበቱን ሲነግረን ወፍጮ ያስነሳል ብለን ፈራን። ጀርባው ላይም ቁጥሩ በትልቁ ተለጥፏል። ሙሉነሽ ሰምታ ጨረሰችና የወረቀቱን ጫፍ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ። ቁጥሩ ያነሰ! እሱንም ፋቀችው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፤ ከዚያም ያነሰ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ፓነል ነው ሽንኩርት?" አለችው።

ሰውዬው አላፈረም። ፋብሪካው ነው የተሳሳተው አለን። ፋብሪካ ሲሳሳት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው እንዴ የሚሳሳተው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት ይሄን ሱቅ አይተው መሆን አለበት። እኔ ልደበድበው ተነሣሁ፤ ሙሉነሽ በክንዴ ይዛ አወጣችኝ።

የሁለተኛው ሱቅ ባለቤት ረጋ ያለ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። መጀመሪያ ያሳየን እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ስስ ፓነል ነው። ጣራ ላይ በሙጫ ይለጠፋል፣ ክብደት የለው፣ ውጭ አገር የሚጎተት ቤት ሁሉ የሚለብሰው ይሄንን ነው አለን። ሙሉነሽ "ስማዳ ውስጥ የወገዳን መንገድ ያውቁታል?" ብላ ጠየቀችው። አያውቀውም። የወገዳ መንገድ የሰው ጥርስ ያላላል፤ ስስ ፓነልማ ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ ጠንካራውን፣ መስታወት ያለውንና ዙሪያው በብረት የታሰረውን መረጥን። ከጣራው ከፍ ብሎ ይታሰር፣ ከሥሩ ንፋስ ይግባበት፣ ሲግል ይሰንፋል ብሎ መከረን። ባትሪውንም ሊትየም አድርጉት አለ። የድሮው የአሲድ ባትሪ እንደ ድንጋይ እየከበደ ግማሹን ሳትጠቀምበት ይደክማል፤ ሊትየም ግን ቀላል ነው፣ ያለውን ሁሉ ይሰጥሃል።

እኔ ደግሞ የማልጠይቀው የለም። ዝናቡስ? አልኩት። ምንም አይለው። አቧራውስ? ጥረጉት። በረዶውስ? መስታወቱ ይችለዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ፣ ተምሬ ተምሬ ጠመጠምኩ።

መቼም ሐሰት አልናገርም፣ ጥሩ ሠራ። ክረምቱን አለፍን፣ መስከረም ጠባ፣ ፍሪጁ አንድ ቀን አላስቀየመኝም። እኔም ልቤ አብጦ ለሰው ስለ ሊትየም ማስተማር ጀመርኩ።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከተማ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ፍሪጁ ድምፁ ሰልሎ ሰማሁት። ወጥቼ ጣራውን ሳይ፣ አጠገባችን ጌሾ የሚሸጥ ሰውዬ የሸራውን ጫፍ ጣራችን ላይ ወጥሮ፣ ፓነሉን እንደ ሙሽራ አልብሶታል። ከጠዋት ጀምሮ! ምን ማድረግህ ነው ብዬ ጮህኩበት። "ፀሐዩ በረታብኛ፣ ዶክተር" አለኝ። እኔ ፀሐይ አጣሁ ብዬ አብዳለሁ፣ እሱ ፀሐይ በዛብኝ ይለኛል። በዚህ ላይ ዳኛ ብትሆኑ ለማን ትፈርዳላችሁ?

ሸራውን አስነሥተን፣ ባትሪው እንደደከመ ወደ ላይ ጋይንት ደጋ ወጣን። በማግስቱ የክትባት ቀጠሮ አለ። በጎረቤት ቀበሌ ፍየሉን የሚጨርስ በሽታ ገብቷል። ስሙ "ደስታ መሰል" ይባላል። ይህን ስም ያወጣለትን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስታ የሚመስለው ምኑ ነው? አፉ ቆስሎ፣ አፍንጫው እየተዝረከረከ፣ መንጋው በሳምንት የሚያልቅበት በሽታ ነው። ስለዚህ ቀልድ አልነበረም።

ስንነሣ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ሰማዩ ደመና የለው፣ ፀሐዩ ፓነሉ ላይ ቦግ ብሏል። ገበሬው በጉንና ፍየሉን እየነዳ ከየመንደሩ ይመጣል። ፍሪጁ ግን ጸጥ! ባትሪውን ባየው ባዶ ነው። ፀሐይ ሞልቶ ባዶ! ሽቦውን ነቀልኩ ሰካሁ። ፓነሉን ጠረግሁ። ባትሪውን በጥፊ አልኩት። ወይ ፍንክች።

ባሕር ዳር ወዳለው ደግ ሰው ደወልኩ። ረጋ ብሎ "ውርጭ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ ምን አገባው?"

"እንግዲያ ባትሪው በርዶታል" አለኝ።

"ምን?"

"በርዶታል። ሊትየም በጣም ከቀዘቀዘ ኃይል አይቀበልም። በግድ ካጎረሱት ይሞታል፤ ለዚህ ነው ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የዘጋው። ሙቀት ሲያገኝ ራሱ ይቀበላል።"

"ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ጮህኩ። ገደሉ መልሶ ጮኸብኝ።

"ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ውርጭ የት አለና ትዝ ይለኛል?" አለኝ።

ይሄ መልስ ነው? ዝናብ ጠይቄ፣ አቧራ ጠይቄ፣ በረዶ ጠይቄ፣ ውርጭ ሳልጠይቅ ቀረሁ። እሱም ያልተጠየቀውን አይመልስ! ስልኩን ዘግቼ ሰማዩን ሰደብኩ፣ ባሕር ዳርን ሰደብኩ፣ ሊትየም የሚቆፈርበትን አገር የትም ይሁን የት ሰደብኩ። ያ ሁሉ ገበሬ ቆሞ ይሰማኛል። ሽማግሌው መሪጌታ ይኄይስ፣ ጥቂት ፍየሎቻቸውን በገመድ ይዘው ከፊት ቆመዋል።

"ዶክተር፣ በድለን ከሆነ ንገረንና ንስሐ እንግባ" አሉኝ።

"እርስዎ ምን በደሉ፣ መሪጌታ! ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ሕዝቡን ይዘውልኝ ይመለሱ" አልኳቸው።

ከኋላ አንዲት ሴት "እንግዲህ ፍየሌ አለቀች በሉኛ" አለች። ያቺን ቃል ስሰማ ቁጣዬ ሁሉ እንባ ሊሆን ምንም አልቀረው። ክትባቱን ልደፋው ገባሁ።

ሙሉነሽ ፍሪጁ በር ላይ ተደግፋ ቆማለች።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ልደፋው። ፍሪጁ ከሌሊት ጀምሮ አልሠራም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ባትሪው የተኛው በርዶት አይደል?"

"ነው!"

"ባትሪውን ያደረቀ ብርድ ክትባቱን ማን አሞቀው ብለህ ነው?"

ፍሪጁን ከፈተችና ቴርሞሜትሩን አሳየችኝ። ውስጡ ከሚፈለገው ወለም አላለም። ለካ የዚያን ሌሊት ጋይንት እንዳለ ፍሪጅ ነበረች። በክፍሏ ውስጥ የጋለ ነገር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ወጣሁና ለመሪጌታ ክትባቱ ደህና ነው አልኳቸው። ምን ሆኖ ዳነ ብለው አልጠየቁኝም። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው የመጀመሪያዋን ፍየል አንገቷን ይዘው አቀረቡልኝ። ውርጩ እስኪረግፍ፣ ባትሪውም ነፍስ እስኪዘራ መንጋውን አጋመስነው።

ታዲያ መጨረሻ ላይ አያሌው የሚባል ገበሬ ቀረ። በግ አልያዘም። ከጋቢው ሥር ትንሽ የሶላር ፋኖስ አወጣ።

"ዶክተር፣ ይኼም ከጠዋት ጀምሮ አልበራ አለኝ። ከእናንተው ባትሪ ተጋብቶበት እንዳይሆን?" አለኝ።

ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም። እየቀለደብኝ ይሁን ከልቡ እስከዛሬ አላውቅም። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ደከመኝ። በል ሙቀት ያግኝ፣ ከምድጃ ዳር ሳይሆን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው አልኩት።

ዳነለት። አሁን አያሌው በሄደበት ሁሉ ስሜን ያስጠራልኛል፤ ለባትሪ እንደሱ ያለ ሐኪም አልተፈጠረም እያለ።

በጎቹን ግን የሚያሳክመው ሌላ ሐኪም ጋ ነው።