የጋሼ ከመቶ የመጨረሻ ስብ

የሌላ ሰው ሆድ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ምሳ ዕቃህን ስትከፍት ከትከሻህ በላይ አንገቱን የሚያሰግገው፣ ዳቦህን ስትቆርስ የሚቃትተው፣ "እሱን ሁሉ ልትበላው ነው?" የሚልህ እሱ ነው። ለእኛ ማተሚያ ቤት የተሰጡን ክቡር ጋሼ ከመቶ ናቸው።

ጋሼ ከመቶ ወረቀት ቆራጭ ናቸው። የሚታተመው ሁሉ በመጨረሻ በእሳቸው ቢላዋ ሥር አልፎ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ትርፍ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው አንድ ቀን ፊታቸውን ወደ እኛ ማዞራቸው አይቀርም ነበር፤ አዞሩም። የወረቀት ውፍረት የሚለኩባት ትንሽ መቆንጠጫ አለቻቸው። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ" በማለት ፈንታ የጎንህን ሥጋ በእሷ ይይዙና "ከመቶ ስንት ስብ ነህ?" ይላሉ። መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ። "ሠላሳ! ይኼ ሰው ነው ወይስ ፍራሽ?"

እኔ አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለማነብ ውጤቴ ሁልጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። በሌላ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ስለማላውቅ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ሻይ የምታፈላልን እትዬ ግን መቆንጠጫዋን ገና ስታይ ማንቆርቆሪያዋን አነሳች። "ጠጋ በልና እየው! ከመቶ መቶ ነው የማቃጥልህ!"

አንድ ባልደረባችን ልጅ ተወልዶለት ሲመጣ ሁላችንም እንኳን ደስ ያለህ አልነው። ጋሼ ከመቶ "ስንት ኪሎ ነው?" አሉ።

"ሦስት ተኩል።"

"ስቡ ተቀንሶ?"

"ጋሼ፣ የተወለደው እኮ ትናንት ነው!"

"እሱማ ሁላችንም አንድ ቀን ትናንት ተወልደናል፤ ተዘናግተን ነው እዚህ የደረስነው።"

በሰው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ክቡርነታቸው ግን ከሁሉ በፊት የሚቆርጡት ከራሳቸው ነው። በአራት ወር ውስጥ ሱሪያቸውን በመጠቅለያ ሲባጎ ማሰር ጀመሩ። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብና ካፖርት ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ማራገቢያው ሲበራ ወረቀቱ እንዳይበተን ብረት እንጭንበታለን፤ እሳቸውም ላይ እንጫን ወይ እያልን እንማከር ነበር። ለምን እንደማይበሉ ሲጠየቁ ዘወትር የሚመልሱት አንድ ነገር ነው፦ "ከኔ የመጣ አይደለም። የታተመ ነገር ነው!" ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖሮ የታተመ ነገር የሚያምን ሰው እሳቸውን ብቻ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ማሽኑ ፊት እንደቆሙ ተንገዳገዱ። ግንባራቸው ቢላዋው ከሚወርድበት አንድ ስንዝር ርቆ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሮጬ ሳነሳቸው ክብደታቸው አልተሰማኝም። "ጠርዙን እያየሁ ነው" አሉ።

በማግስቱ ባለቤታቸው መጡ። "ወንድሜ" አሉኝ፣ "ትናንት ካፖርት መስቀያውን እሱ መስሎኝ 'ና ምሳ ብላ' አልኩት። ነገሩ፣ ሁለቱም አይመልሱልኝም።" ሳቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። "አንተ ታነባለህ። ንገርልኝ። ሊሞትብኝ ነው።" ከቦርሳቸውም አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። "ይህችን ትራሱ ሥር አስቀምጦ ይተኛል።"

አገላብጬ አየኋት። አንድ የጤና ማኅበር ያሳተማት፣ እኔ ያረምኳት መጽሐፍ ነች። ሽፋኗ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ተጽፏል፦ "ለወንድ ልጅ ከመቶ ሦስት እጅ ስብ ይበቃዋል"።

እኔ ሳርማት እንዲህ አልነበረችም። ሮጬ ማረሚያውን፣ ከመታተሟ በፊት ያረምኩበትን ወረቀት፣ ከመደርደሪያ አወጣሁ። በመጨረሻው ፊደል ጥግ፣ ጠርዙ ላይ፣ የጥያቄ ምልክት አለ። በመጽሐፏ ላይ ግን ቢላዋው ሁለት ሚሊሜትር ገብቶ ምልክቱን ወስዶታል። ጋሼ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሲቆርጡ ከሽፋን አልፈው አንብበው አያውቁም።

በቢላዋቸው ተሳስተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እንዴት ይነገራል? ትንሽ ጸለይኩና ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ ነበር።"

"የቱ?"

"ርዕሱ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ነበረው። እርስዎ ቆርጠውታል።"

ማረሚያውንና መጽሐፉን አስተያዩ። አንዴ፣ ሁለቴ። "እሺ፣ መልሱስ?"

"ውስጥ ነው።"

"የምን ውስጥ?"

"የመጽሐፉ።"

ገለጡ። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እየጎተቱ አነበቡ፦ "አይበቃውም። ሦስት እጅ ያህሉ ሰውነት ያለ እሱ መኖር የማይችለው ነው፤ ለሴት ደግሞ አሥራ ሁለት ገደማ። ጤና የሚገኘው ከዚያ ከፍ ብሎ ነው። ስብ ሙቀት ይይዛል፤ ልብንና ኩላሊትን እንደ ትራስ ይደግፋል..." እዚህ ሲደርሱ ካፖርታቸውን ሰበሰቡት።

"አራት ወር ሙሉ የራበኝ በአንድ ምልክት ነው?"

"ነው፣ ጋሼ።"

ያለቅሳሉ ብዬ ስፈራ "ስንት ቅጂ ነው?" አሉ።

"አራት ሺህ። ማኅበሩ እስካሁን አልወሰደውም፤ መጋዘን ነው።"

"አውርደው። ሽፋን ብቻ የሚያነብ ሌላ ቂል አይጠፋም፤ እሱ እንኳ ምሳውን ይብላ።"

እትዬ ዳቦና ሻይ አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። "ሳትበላ እስክሪብቶ አትነካም" አለች። በሉ። አምስት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ አራት ሺህ የጥያቄ ምልክት በእጅ ጻፍን። ጋሼ የጻፏቸው የማክሰኞዎቹ እንደ ትል ይጠማዘዛሉ፤ የቅዳሜዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላም ጋሼ ከጠረጴዛዬ አልሄዱም። ምሳ ሰዓት ሲሆን ወንበር ስበው "ይኼኛውስ ውስጡ ምን ይላል?" ይላሉ። እኔ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ጓደኛ፣ ብቻዬን ሳነብ ኖሬያለሁ። ትናንት ጉንጫቸው በዳቦ እንደተሞላ ካረምኩት ገጽ አንድ መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ጋ አንድ ፊደል ተርፏል" አሉ። "ልቁረጠው?"

አየሁ። እውነትም ተርፏል፤ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። በሕይወቴ ስህተቴ ሲያዝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ይቁረጡት፣ ጋሼ" አልኳቸውና እርሳሴን ሰጠኋቸው።