ሞተር ማቅለል

ሞተር ሳይክል ለውድድር የሚያዘጋጅ ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አለኝ። የውድድር ዕቃ እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለማይገኝ ጭስ ማውጫውን ከአሮጌ የውሃ ቱቦ አስበየደ። «ጠላቴ ክብደት ነው» እያለ ስፖኪዮውን፣ መብራቱን፣ በመጨረሻም ፍሬኑን ፈታ።

የውድድሩ ዕለት ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መንገዱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ እንደ ወጉ ወርደው ተሳለሙ። የኔ ጎረቤት በምን ይቁም? እያማተበ አለፈ፤ አንደኛም ወጣ። ያቆመው ከመድረሻው ማዶ ያለው ዳገት ነው።

ማግስቱን ሞተሩን እየገፋ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ሳልሳለም አልፌያለሁ። ቀኖና ይስጡኝ።»

አባ ሞተሩን ዞረው አዩት። «ቀኖናህ ፍሬኑን መልሰህ መግጠም ነው።»



«አባ፣ መቶ ስግደት ያድርጉልኝ። ስግደት ሞተሩን አያከብደውም።»