ስድስቱ ካርዶች

ሰው ከሚፈራው ነገር ሁሉ የባሰው በገዛ አፉ የተናገረው ነው። ጅብ ብትፈሩ በር ትዘጋላችሁ፤ በስብሰባ መሃል ያመለጣችሁን ቃል ግን በምን ትዘጉታላችሁ? ያውም ግምገማ እንደ ሰኞ በማይቀርበት በዚያ ዘመን።

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለ የመንግሥት ማሠልጠኛ የኮምፒዩተር አስተማሪ ነበርኩ። አሥራ ስምንት ኮምፒዩተር በእርዳታ መጣልን፤ ሃርድ ዲስካቸው ግን ተነቅሏል። ስብሰባው አንገቱን ሲደፋ እኔ ተነሳሁና «ዲስክ ምን ያደርጋል? ኔትወርክ ካርድ ይግባላቸው እንጂ ሁሉም በኬብል ከአንድ ዋና ኮምፒዩተር፣ ከሰርቨር፣ ይነሳሉ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ካርዱ ታዘዘ፤ ለምረቃው ባለሥልጣን ተጋበዘ።

ካርዶቹ የደረሱት በዋዜማው ነው። በምረቃው ጠዋት ማብሪያውን ስጫን አንድም ኮምፒዩተር አልተነሳም። ለካ የተገዙት ካርዶች ዲስክ የሌለውን ኮምፒዩተር ከሰርቨር ማስነሳት የማይችሉ ኖረዋል። በማዘዣው ላይ ዓይነቱን ለይቼ ያልጻፍኩት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ኃላፊያችን በበሩ ብቅ ብለው «ተነሱ?» አሉኝ።

«እየተነሱ ነው።»

በግምገማው «ሆን ብሎ ነው» የሚለው ሰው ድምፅ ከወዲሁ ይሰማኝ ጀመር። እየሮጥኩ መጋዘን ሄድኩ።

ንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ብርቱካን ገና ሲያዩኝ «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉ።

«ከተጣሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮቻችን የወጣ ኔትወርክ ካርድ ይኖርዎታል?»

«አንድ ካርቶን አለ። ግን ያለ ወጪ ደረሰኝ እንዴት አድርጌ? ፈራሚው እንግዳ ሊቀበል ወጥቷል።»

ፊቴን አዩ፤ ወደ በሩም አንዴ ዞር ብለው አዩና ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረዱልኝ።

ከካርቶኑ ስድስቱ ሠሩ። የተነሱትን ስድስት ኮምፒዩተሮች ከፊት፣ ያልተነሱትን አሥራ ሁለቱን ከኋላ ደረደርኳቸው። ባለሥልጣኑ አንዱን ከፍተው ፈገግ አሉ፤ ወደ ኋላ የዞረ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ግምገማ ላይ እኔ በፈጠራ ተመሰገንኩ። ወይዘሮ ብርቱካን ያለ ደረሰኝ ንብረት አውጥተዋል ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። «ማን አስገደደዎት?» ሲባሉ «ማንም፤ ለሥራው ብዬ ነው» አሉ፤ ስሜን አልጠሩም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ስንወጣ ተከተልኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ፣ ፈርቼ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፤ «እኔም ያን ጠዋት ፈርቼ ነበር።»

ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው በተፈጥሯቸው ደፋር ናቸው እያልኩ በሰላም እኖር ነበራ።