በሻል ሥር የተገዛ ፔርሙስ

ልጆች አባታቸውን የሚያስረጁት በፍቅር ነው። በጉልበት ቢሆን እንታገላቸው ነበር። መጀመሪያ «አባባ፣ በማታ አትንዳ» ይሉና የመኪናውን ቁልፍ ይወስዳሉ። ቀጥሎ «ደረጃው ይከብድሃል» ብለው መጋዘኑን ይረከባሉ። እናንተም እሺ ትላላችሁ፤ ፍቅር ነዋ! አንድ ቀን ስትነቁ የቀራችሁ ወንበርና መቁጠሪያ ብቻ ነው።

እኔ ፓስፖርቴ ላይ ሲደርሱ እምቢ አልኩ።

ከልጄ ከሙኒር ጋር ለሱቃችን ዕቃ ልንገዛ ቻይና ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በአራተኛው፣ «አንተ ጅጅጋ ሱቅ ተቀመጥ፣ እኔ ብቻዬን ልሂድ» አለኝ።

«ብቻውን የሚሄደው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። «እሺ፤ አንዴ እንኳ ደውለህ እርዳኝ ካልክ፣ ከዚያ ወዲያ ጉዞው የእኔ ነው።»

«ካልደወልኩስ?»

«ካልደወልክማ እግርህ እስከቻለ ሂድ።»

ውርርድ ሐራም ስለሆነ ስምምነት አልነውና ተጨባበጥን።

ጓንዡ ገባሁ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ይቆጥራል፤ የሚያወራው የለውማ። ከሆቴሌ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ሰባት ፌርማታ፣ ከዚያ ገበያ። ማንበብ የማልችለውን ከተማ በቁጥር ተሻገርኩት። የሆቴሉ ሊፍት ላይ ሦስት አለ፣ አምስት አለ፣ አራት የለም። ውጭ ወጥቼ መስኮቶቹን ከታች ወደ ላይ ብቆጥር፣ አምስተኛ ፎቅ የተባለው የእኔ ክፍል አራተኛው ላይ ነው። ለካ አራትን ከሞት ጋር ያገናኟታል። አልሳቅሁባቸውም። እኛስ ልጆቻችሁ ስንት ናቸው ስንባል መች ቆጥረን እንናገራለን?

ምሳዬን ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ሊጥ እየሳበ ከሚቀቅልበት ቤት ለመድኩ። «አሰላሙ አለይኩም» ስለው ጎረቤቴ መስሎ መለሰልኝ። ሐላል ምግብ አጥቶ ይደውላል ብሎ ሙኒር ያሰበው ረሃብም ቀረ።

ፈተናው የመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። ጅጅጋ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሁሉ ፔርሙስ ትፈልጋለች፤ የፈለግሁትንም ዓይነት አገኘሁ። ሱቁን የያዘችው ወጣት ሴት ካልኩሌተሯ ላይ ዋጋ እየጻፈች ታሳየኛለች፤ እኔም የራሴን እጽፋለሁ። ግን አጠገቤ ከሌላ አገር የመጣ አንድ ነጋዴ አንገቱን አስረዝሞ የምንጽፈውን ሁሉ ያነባል። ለእኔ ከቀነሰች ለእሱም ልትቀንስ ነው። ስለዚህ እጇን አጣጠፈች። ነገ ጠዋት አውሮፕላኔ ይነሳል። ሙኒር ቢሆን የለመዳቸውን የቻይንኛ ቃላት በጆሮዋ ይላት ነበር። ስልኬን አወጣሁ፤ ጣቴ ስሙ ላይ ደረሰ።

ያኔ ነው ሀርሺን ትዝ ያለኝ። ንግድ የተማርኩት እዚያ፣ ከጅጅጋ ወዲያ ባለው ከብት ገበያ ነው። ደላሎቹ ዋጋ በአፍ አይጠሩም። እጅና እጃቸውን በጨርቅ ሥር ያገናኙና በጣት ይደራደራሉ፤ አንድ ጣት ከጨበጥክ አንድ፣ ሙሉ እጅ ከጨበጥክ አምስት። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ የሚያየው ጨርቅ ነው።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ሻሌን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ እጄን ሸፈንኩና ዘረጋሁላት። ብድግ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። እውነቷን ነው፤ ጢሙ የሸበተ ሰው ጨርቅ ተከናንቦ እጁን ሲዘረጋባት ምን ታድርግ?

ከጓዳ ደፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ይልጥ ነበር። አባቷ ነው። ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ጣቶቹን በሱሪው ጠረገ፣ መጣና እጁን በሻሌ ሥር ከተተ። ሦስት ጣቴን ጨበጠ።

ያ ረቢ! ሦስት!

እኔ ሁለት ጨበጥኩ። እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ልታስተረጉመን ስልኳን በመካከላችን ደቀነች፤ ስልኩ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ የሚተረጉመው አጣ። ያ አንገቱን ያስረዘመው ነጋዴ ሻሉን በዓይኑ ሊበሳው ምንም አልቀረው፤ በመጨረሻ ሰልችቶት ሄደ።

በኋላ ሽማግሌው ለስልኩ ነገረው፤ አገሩ ሰሜን ነው፣ አባቱ የበቅሎ ደላላ ነበር፣ እነሱም በእጅጌ ውስጥ ነበር የሚደራደሩት። እስከ አምስት ድረስ እሱና ሀርሺን አንድ ናቸው። ከአምስት በላይ ግን የእነሱ ጣት ሌላ መንገድ ይሄዳል። ያንን ለመማማር አራት ሰዓትና አሥራ አንድ ስኒ ሻይ ፈጀብን። ዋጋውን የጨረስነው በመጀመሪያው ስኒ ነበር።

ጅጅጋ ስገባ ሙኒር አየር ማረፊያ ቆሟል።

«አልደወልኩም» አልኩት።

«አልደወልክም፣ አባባ። ጉዞው ያንተ ነው።»

ቤት ስንደርስ ግን ባለቤቴ ዘይነባ አላስቻላትም። «እሱንስ ጠይቀው እንጂ! ስልክህ ያለበትን በካርታ ሲያይ ነው የሰነበተው። አራት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቅህ ቀን፣ አባባ ወድቋል ብሎ ሻንጣውን አስሮ ነበር።»

ሙኒር ጫማውን አየ።

ያው፣ ዛሬም በየሰርጉና በየሱቁ «ብቻዬን ሄጄ፣ ብቻዬን ተደራድሬ» እያልኩ አወራለሁ። ሙኒር አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል፤ አንድም ቀን አላረመኝም። እኔም ስልኬን ከካርታው ላይ አውጣልኝ አላልኩትም።